በካርታው ላይ ያለው ሰማይ

ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለባለካሜራዋ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ናት፤ ረጅሟን በራችን ላይ ለተሰለፉት እንግዶችሽ አድዬ ጨርሻታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። "ደህና ናት ብለህ ጻፍላት" ያለችኝ እሷው ናት፤ ስትለኝ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር። እንዴት ያለ ደህንነት እንደሆነ እንግዲህ አንቺው ገምቺ።

ወደ ጥያቄሽ ልሂድ። አዎ፣ ሰው እየመጣ ነው። "ብዙ ናቸው?" ብለሻል፤ ከጥያቄሽ ውስጥ የደስታ ሽታ ሸተተኝ ልበል? ብዙ ናቸው። ትናንትና አንድ ሙሽራ ሙሽሪትን ከነቬሏ ይዟት መጣ። ቬሏ ለማድረቅ ካቆምነው መስታወት ጀርባ ገብቶ ገና ያልደረቀው ቀለም ላይ ተጣበቀ፤ ልጅቷን ለመስታወቱ ልንድራት ምንም አልቀረንም። ከየት ሰማችሁ ስላቸው ሁሉም ስልካቸውን ያሳዩኛል። የእኔ ስልክ እንደምታውቂው ባለቁልፍ ናት፤ ከመጮህ በቀር ሌላ ሙያ የላትም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፎቶ ኮፒ አንሺ ልጅ፣ ፎቶ ኮፒዋ የምንላት፣ ኮምፒውተሯ ጋ ጠራችኝና አሳየችኝ። ዓለም በሙሉ ተዘርግታለች፤ እያጠበበች እያጠበበች መጣችና መንገዳችን እንደ ፀጉር ቀጥና ወጣች፤ ከዚያ ግቢያችን፤ ግቢያችን ላይ ቀይ ምልክት፤ ምልክቷን ስትነካት ያንቺ ፎቶ። ለማድረቅ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት መስታወቶቻችን፣ በውስጣቸው ደመናው። ከሥሩ "የሰማይ ግቢ" የሚል ስም። ያከራየን ባለግቢ እንኳ ለግቢው ስም አላወጣለትም! ለእረፍት መጥተሽ ያን ፎቶ ስታነሺ "ለራሴ ነው ጋሼ" ብለሽኝ ነበር። ራስሽ እንዲህ ብዙ ሰው መሆንሽን አላወቅሁም።

እዚሁ ስላደግሽ ስለ ሥራችን ላስተምርሽ አይገባም ነበር፤ ግን የረሳሽ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት እናትሽ ክፍሏ ውስጥ የብሩን ፈሳሽ መስታወቱ ላይ ስታፈስ፣ ግቢው ውስጥ እንኳን ሰው ድመት አይሮጥም። መሬቱን ውሃ አርከፍክፈን፣ በሩን ቀርቅረን፣ በእግራችን ጣት ነው የምንሄደው። አንቺ ራስሽ በልጅነትሽ "እማዬ ብር ላይ ናት" ከተባልሽ ማስነጠስሽን ሹራብሽ ውስጥ ነበር የምትቀብሪው። አሁን የመጣው ሁሉ እግሩን እየጎተተ ይገባል። አቧራው ይነሳል፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ እርጥቡ ብር ላይ ያርፋል። ሲደርቅ መስታወቱ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል። ቁም ሳጥን ሠሪው ባለፈው ሳምንት የወሰደውን ሁሉ መለሰልን። "ደንበኞቼ ጉድፉ የራሳቸው እንዲሆን ነው የሚፈልጉት" አለኝ። ሳቅሁለት፤ እናትሽ ግን አልሳቀችም። እሱ ከተወን ሌላ ደንበኛ የለንም፤ ሥራው ከቆመ ደግሞ ግቢውን የምንይዝበት ምክንያት የለም።

አጥፊው። ሌላ ምንም አልልሽም። ቀይዋን ምልክት አጥፊያት።

አጎትሽ


ጥቅምት 21

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መጀመሪያ በሙሽሪት ሳቅሁ፤ ቀጥሎ በሳቄ አፈርኩ።

ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። ምልክቷንም። ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ያጠፋሁት። እማዬን ይቅርታ ይበሉልኝ፤ በስልክ እንዳልደውልላት ድምጿን ፈራሁት።

ክፋት አስቤ አይደለም ጋሼ። በሄድኩበት ሁሉ እንደዚያ ነው የማደርገው። አሮጌ ድልድይ፣ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ዛፍ ሥር የቆመ የፀጉር ቆራጭ ወንበር ካየሁ አነሳና የት እንዳለ ካርታው ላይ አስቀምጣለሁ። የእኔ ምልክቶች በየሀገሩ ተበትነዋል፤ አብዛኛውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የእናንተ ግቢ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

ስለ አዲሱ ሥራዬ ቀደም ሲል ለጠየቁኝ፣ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ወረቀት አገላብጣለሁ። ብዙ የሚወራ ነገር የለውም።

ባለግቢው ሰሞኑን መጥቶ ነበር ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 4

ለእህቴ ልጅ፣ ለ"አጥፍቼዋለሁ" እመቤት፤

ጠፋ ያልሽው ምልክት እንግዶቹ ስልክ ላይ አልጠፋም መሰለኝ፤ ዛሬም ሰልፉ የፎቶ ኮፒዋ በር ድረስ ነው። ምናልባት ካርታው እንደ እኔ ጆሮ ቀስ ብሎ የሚሰማ ይሆናል ብዬ ልታገሥ ሞከርኩ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ወደ ድሮ ሙያዬ ተመለስኩ፤ ተንኮል።

ያን ከምድጃ አጠገብ ተረስቶ የተንሻፈፈውን ትልቁን መስታወት ታስታውሺው የለ? አጭሩን ድንክ፣ ቀጭኑን በርሜል፣ አፍን ጆሮ ድረስ የሚያደርገውን? እሱን ወስጄ በሩ ላይ ገተርኩት። መልካቸው ሲበላሽ ተናደው ይመለሳሉ ብዬ ነው። ተናደዱ? ሰልፉ እጥፍ ሆነ! አንዷማ "ከሁሉ የሚበልጠው ይሄኛው ነው" ብላ እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ። በዕድሜዬ በሠራሁት ተንኮል ስመሰገን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናትሽ በመስኮቷ አየችኝና "አንተ ደግሞ ጨምርላቸው" ብላ መጋረጃውን ዘጋች።

ባለግቢው መጣ ወይ ብለሻል። እንዴት አሰብሽው? መጣ። አንዱ መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫቱን አስተካከለ። እኛን አላየንም፤ ያየው ሰልፉን ነው። ሲወጣ "ይሄ ሁሉ ሰው በነፃ ነው የሚገባው?" ብሎ ጠየቀኝ። አጠያየቁን አልወደድኩትም።

ፎቶ ኮፒዋ ልጅ መላ አምጥታለች። ለካ ማንም ሰው ለካርታው "ይህ ቦታ ተዘግቷል" ብሎ ማመልከት ይችላል። እኔ እየነገርኳት እሷ ጻፈች። መስታወት በምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ፊደል የቆጠርኩ ሰውዬ ዛሬ ለዓለም ካርታ አመለከትኩ! መልሱን እየጠበቅን ነው።

እናትሽ ለሁለተኛ ጊዜ ሰላም ብላሻለች። ይህኛው ከመጀመሪያው ይቀዘቅዛል።

አጎትሽ


ኅዳር 10

ሰላምታ የለም።

የካርታው መልስ መጣ። "ጥያቄዎን ተመልክተናል፤ ቦታው ክፍት መሆኑን የታመኑ አባላችን አረጋግጠዋል" ይላል። የታመኑት አባል ማን ናቸው ብለን ስንነካው ፊትሽ ወጣ። ቢጫ ሻርፕሽን ለብሰሽ ትስቂያለሽ። ሻርፑን የገዛሁልሽ እኔ ነኝ። ያረጋገጥሽበት ቀን "አጥፍቼዋለሁ" ብለሽ ከጻፍሽልኝ በማግስቱ ነው።

ይሄን ዓይኔ አላየም ብዬ ልተወው ነበር። ያጎት ነገር፣ ሰበብ ፈለግሁልሽ፤ ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ከሰዓት በኋላ ባለግቢው ወረቀት ይዞ መጣ። ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ተዋውያለሁ አለ። ወረቀቱ አናት ላይ ክንፏን የዘረጋች ሰማያዊ ወፍ ታትማለች። ወፏን የሆነ ቦታ አውቃታለሁ። መሳቢያዬን ከፍቼ ያንቺ ደብዳቤ የመጣበትን ፖስታ አወጣሁ። ያቺው ወፍ። እኔን ለማታለል እንኳ የራስሽን ፖስታ መግዛት ሰነፍሽ?

ውሉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ ላላወቀ ሰው የምጽፍ መስዬ ልጻፍልሽ። ግቢው የጉብኝት ቦታ ይሆናል። መስታወቶቹ ይቆያሉ። ሥራው ይቆማል። እኔ እወጣለሁ። እናትሽ ትቆያለች፤ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ እንግዳ ሲመጣ መስታወት ላይ ስታፈስ ትታያለች። የምታፈሰው ብሩን አይደለም። "ለአሠራር ምቹነት ሲባል ውሃ" ይላል።

ውሃ።

ባለግቢው ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገብታ ጓንቷን አወለቀች። ይህን እስክጽፍ ድረስ መልሳ አላጠለቀችውም።

እንዴት አደረግሽው ብዬ አልጠይቅሽም። ያደረግሽው አንቺ መሆንሽን ብቻ ንገሪኝ።


ኅዳር 17

ጋሼ፣

እርስዎ ያለ ሰላምታ ቢጀምሩም እኔ ያሳደገኝ ሰው እንደዚያ አላስተማረኝም። እንደምን ሰነበቱ?

አዎ፣ እኔ ነኝ።

አጥፍቼው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ አለቃዬ ጠራችኝ። "ሰማዩ የት ሄደ?" አለችኝ። የተቀጠርኩት በዚያ ፎቶ ነው ጋሼ። በትምህርቴ አይደለም፣ በሰው በሰውም አይደለም። ፎቶውን አይታ "ይህን ቦታ ያገኘችውን ልጅ አምጡልኝ" ብላ ነው የፈለገችኝ። ሰማዩ ከሌለ እኔም የለሁም ማለት ነው። መለስኩት። ውሸታም ይበሉኝ፤ ግን ደብዳቤውን የጻፍኩ ዕለት እውነት ነበር። ውሸት የሆነው ፖስታ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

አሁን እኔ የተናደድኩበትን ልንገርዎት። ስለ ሰልፉ ጻፉልኝ፣ ስለ አቧራው ጻፉልኝ፣ ስለ ሙሽሪት ቬል ጻፉልኝ። ስለ ፎቶው አንድ ቃል አልጻፉም። ጥሩ ነው ወይ መጥፎ ነው አላሉም። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ግቢ የሰማሁት "አትንኪ፣ አትሩጪ፣ አታስነጥሺ" ነው። እዚያ ነክቼው ሳይሰበር የቀረ ነገር ቢኖር ያ ፎቶ ብቻ ነው። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ወደደልኝ። እናንተ ግን አጥፊው አላችሁኝ።

የውሃዋን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ባለግቢው "ሁለቱም ይውጡ" ነበር ያለው። እማዬ እንድትቆይ ያገኘሁት መንገድ እሱ ብቻ ነበር፤ አለቃዬን ለምኜ፣ ባለግቢውን በስልክ ተከራክሬ ነው። የብሩ ፈሳሽ ሽታ ደረቷን እንደሚያፍናት ስለማውቅ ነው ውሃ ይሁን ያልኩት። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን "ለእናቷ አሰበች" ተብላ ትመሰገን ነበር። እርስዎ ግን "ውሃ" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ለብቻው ጻፉት።

የመጀመሪያው ቡድን በታኅሣሥ መጀመሪያ ይመጣል። እስከዚያ ምን ልታደርጉ አስባችኋል? እማዬስ ምን አለች? እባክዎ እውነቱን።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 24

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ይኸው ሰላም አልኩሽ፤ ስድቡን ለብቻ ልጻፍልሽ።

ፎቶው ጥሩ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ፎቶ ኮፒዋን "እስቲ ትልቅ አድርጊልኝ" ብያት ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከወንበሯ አስነስቻት አይቼዋለሁ። በዚያ ግቢ ስኖር ደመናው እንደዚያ ሆኖ መሬት ላይ መቆሙን ልብ ብዬው አላውቅም። ክፋቱ ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ማን ይመጣ ነበር? ይህን አለመጻፌ የእኔ ጥፋት ነው፤ ተቀበልኩ። ያንቺ ጥፋት ግን ከእኔው ጥፋት ጀርባ አይደበቅም፤ እሱ ትልቅ ነው፣ ጎኑ ይታያል።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። ደረቷን ስለማፈኑ ያልሽው ላይ ስደርስ "እሱስ እውነቷን ነው" አለች። የውሃው ላይ ስደርስ እንዲህ አለች፤ ቃሏን አልቀየርኩም፦ "ለእኔ የሚሻለኝን ከአለቃዋ ጋር ተማከረች፣ ከባለግቢው ጋር ተከራከረች። እኔን መጠየቅ ብቻ ነው የከበዳት?"

መልስ ካለሽ ለእሷ ጻፊው።

ሰው ፊቱን እንዲያይበት መስታወት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ማንም እሷን ሊያያት መጥቶ አያውቅም፤ እሷም አልፈለገችም። ብሩን አፍስሳ፣ ጥርት ብሎ ሲወጣላት፣ መጀመሪያ የምታየው የራሷን ፊት ነው፤ ቀና ብላ "እሺ" ትለዋለች። አይተሻት ታውቂያለሽ፤ በበሩ ቀዳዳ ስታጮልቂ ይዤሻለሁ። አሁን ውሃ አፍስሳ ማንን እሺ ትበል?

ምን ልታደርጉ አስባችኋል ብለሻል። አልነግርሽም። ይህ ለቀልድ አይደለም። ላንቺ የነገርኩት ሁሉ ካርታ ላይ ይወጣል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 8

ጋሼ፣

ይህን የምጽፈው ፎቶ ኮፒዋ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። "ጽፈሽ ስጪኝ፣ አደርሰዋለሁ" አለችኝ። የት እንዳላችሁ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ባለቅስ ንቅንቅ አላለችም። ወረቀት እያተመች "አላውቅም" ትላለች። ታውቃለች።

ቡድኑን መርቼ የመጣሁት እኔ ነኝ። አልነገርኳችሁም፤ እማዬ ፊት ለፊት ስታየኝ ቁጣዋ ይበርድ ይሆናል ብዬ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ እስከ በሩ ድረስ ስለ ግቢው አወራሁላቸው። ስለ ሽርጧም አወራሁ። ባለግቢው በሩን ቦግ አድርጎ ከፈተው።

ግድግዳ። መስታወቶቹ ቆመውበት የነበረው ቦታ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቷል። የእማዬ ክፍል ተጠርጎ፣ ወለሉ ታጥቦ ነበር። አንድ መስታወት ብቻ ትታችኋል፤ የተንሻፈፈውን፣ ከበሩ ትይዩ። እንግዶቹን "እንኳን ደህና መጣችሁ" ልላቸው አፌን ስከፍት ራሴን አየሁት። እግሬ ድንክ፣ አፌ ጆሮዬ ድረስ። ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው፤ እማዬ እንዲህ አትጨክንም።

"ሰማዩስ?" አሉኝ። አንዲት ሴት ስልኳንና ግድግዳውን እያስተያየች "ካርታው እዚህ ነው ይላል እኮ" አለችኝ። ባለግቢው እኔ ላይ ጮኸ፣ አለቃዬ በስልክ እኔ ላይ ጮኸች። እኔ የምጮህበት ሰው አልነበረም። ሥራዬ ይኑር አይኑር ገና አልተነገረኝም።

እንዴት እንዲህ ታደርጉኛላችሁ? ሰው ለልጁ አንድ ቃል ሳይተው ከቤቱ ይወጣል? ተሳስቻለሁ፤ እሺ፣ ተሳስቻለሁ! ግን ከእንግዶቹ ሁሉ ፊት፣ ቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ እናቴ የት እንዳለች የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ካርታውን ከፈትኩት። ቀይዋ ምልክት ልክ እኔ የቆምኩበት ላይ ነበረች፤ በአንድ እርምጃ እንኳ አልተሳሳተችም። በራሴ እጅ "ይህ ቦታ የለም" ብዬ ጻፍኩበት። የታመንኩ አባል ስለሆንኩ ወዲያው ተቀበሉኝ።

እማዬን ይጠይቁልኝ። የጠየቀችውን መመለስ እፈልጋለሁ፤ ግን በወረቀት አይሆንልኝም። የት ናችሁ?


ታኅሣሥ 17

ለእህቴ ልጅ፤

ፖስታውን እያገላበጥሽ አትድከሚ። ማኅተም የለውም፤ በእጅ ነው የመጣልሽ። ወፍም የለበትም።

አዎ፣ የተንሻፈፈውን የተውኩት እኔ ነኝ። እናትሽ "ተው፣ ልጅት ታየዋለች" ብላኝ ነበር። እንድታዪው ነው አልኳት። እሷም አላስነሳችውም፤ ስለ ጭካኔዋ ያለሽን ግምት እዚያ ላይ ትንሽ አሻሽዪው።

ሥራ ጀምረናል። ቁም ሳጥን ሠሪው እስካሁን አልተወንም። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግቢ የለንም፤ መስታወቶቹን የምናደርቀው ኮሪደር ላይ ነው፤ ውስጣቸው የሚታየው ትይዩ ያለው ግድግዳ ነው። ያን ግድግዳ ፎቶ ሊያነሳ የሚሰለፍ ሰው አይመጣም፤ ተመስገን ነው። እናትሽ ግን ከክፍሏ ስትወጣ ቀና የምትልበት ሰማይ አጣች። አንዳንዴ ከመስታወት ወደ መስታወት ትመለከታለች፤ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስላል። ምን ፈለግሽ አልላትም። አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀውም እንደገና እናደዳለሁ። ምልክቷን ማጥፋትሽን ሰምተናል። ሰማዩ ግን ከምልክቷ ጋር አብሮ ነው የጠፋው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይደርስሻል። ቀስ ብለሽ ፍቺው። እናትሽ በአዲሱ ክፍል ብሩን አፍስሳ መጀመሪያ ያወጣቻት መስታወት ናት፤ ጉድፍ የላትም። የመጀመሪያዋን ለቁም ሳጥን ሠሪው እንስጠው ስላት "አይ፣ የልጅቷ ናት" አለች። የጀርባውን ቀለም ከመቀባቷ በፊት ጥጉ ላይ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ አሳረፈች፤ ካዘነበልሻት አሻራዋ ይታይሻል። እኔን ስታሳድገኝ ጣትህን እንዳታስነካ እያለች በጥፊ ያጮለችኝ ሴት ናት ይህን ያደረገችው።

ፎቶ ልታነሺያት እንደሚያምርሽ አውቃለሁ። አንሺያት። ውስጧ የሚታየው ያንቺው ፊት ነው፤ ከኋላሽም ያንቺው አልጋና ያንቺው መስኮት። ካርታው ላይ ብትለጥፊያት ምልክቷ የምታርፈው አንቺ ጣራ ላይ ነው። እስቲ እንግዶቹ ለጥቂት ጊዜ ያንቺን በር ያንኳኩ።

የት ናችሁ ብለሻል። አልጽፈውም። እናትሽን ለመመለስ ከመጣሽ ለፎቶ ኮፒዋ ንገሪያት። ስልክሽን እሷ ጋ ትተያለሽ፤ እኔ መጥቼ ይዤሽ እሄዳለሁ። በእግር ነው፤ መንገዱን ሁሉ እቆጣሻለሁ፤ ስለዚህ ጫማሽ የሚመች ይሁን። ስንደርስ እናትሽ ብር ላይ ከሆነች በሩ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን። ካስነጠሰሽ ሹራብ ይዘሽ ነይ።

"ትበላለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" ብላኛለች። እኔ አልጠይቅም፤ ተቆጥቻለሁ። አንቺ ግን መልሽላት።

አጎትሽ